ሠላሳ አንድ ያለባቸው ስሞች

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን የምለው እያፈርኩ አይደለም፤ ሥራዬ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሚዛን ከተማ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ ጠባቂ ሆኜ ጆንያ ስወጋ ኖሬአለሁ። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አለ። ጆንያው ውስጥ ትሰድደውና ስትመዝዘው፣ በቆሎ ነው የተባለው ጭነት ቡና ሆኖ መዳፍህ ላይ ይፈስሳል። ሾፌሩ ከደቂቃ በፊት በልጆቹ ስም ሲምልልህ የነበረ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሲማልልህ ከርመህ ጡረታ ስትወጣ፣ ጥርጣሬህን ከደንብ ልብሱ ጋር አስረክብ ቢሉህ እንዴት ብለህ ታስረክባለህ?

ስሜ ፈንታው ነው። ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ልጆቼ አንዱ ጅማ፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው፤ እኔ ሚዛን ላይ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። የሰፈራችን እድር ዕቃ ያዥም ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ያለበት መጋዘን ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ለማንም አላውሰውም። አንድ ጊዜ አውሼ ብርጭቆ ጎድሎ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ በቃኝ።

እድራችን የተቀላቀለ ነው። አባቶቻችን ከሰሜን መጥተው እዚህ የከተሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎቹ እኛ አለን። የአገሬው ልጆች የሆኑ፣ ብዙዎቹ የወንጌል አማኞች፣ ቤንቾች፣ ሸኮዎች፣ ካፋዎች አሉ። መቶ አርባ ቤት ነን። ሞት ሲመጣ ድንኳኑ የሁላችን ነው፤ የምንቀበርበት አጸድ ይለያይ እንጂ ከቀብር ማንም አይቀርም።

ከቤንቾቹ መካከል የእኔ ሰው ማቴዎስ ነው። የቡና ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሰፈሬ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ። እናቱ እማማ ንጋቷ ከእሱ ጋር ነበር የሚኖሩት። ለእኔም እናት ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ባለቤቴ የሞተች ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ምግብ ሠርተው በልጅ ልጃቸው እጅ የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ማራናታ ትባላለች፤ የማቴዎስ ልጅ ናት። ቴፒ ኮምፒዩተር ተምራ ተመርቃ መጥታ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበረች።

ነገሩ የመጣው ከጥሩምባው ነው። የእድራችን ለፋፊ ከፈለኝ የሚባል ሰው ነበር። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ስም እየጠራ፣ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ይወርድ ነበር። እሱም አረጀ፤ ልጁ ወደ ማጂ ወሰደችው። ጥሩምባውን የሚረከብ ጎልማሳ ጠፋ፤ ሁሉም ያፍራል። በስብሰባ ሲነሳ ማራናታ ብድግ ብላ፣ «በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም እኔ በነጻ እሠራለሁ» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን በነጻ የሚባል ነገር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

ሠርታ ስትጨርስ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ አሳየችን። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ ይወርዳል። ከኋላ ተቀምጬ ስለነበር ከዚያ በላይ አልታየኝም። ፊት የተቀመጡት «ቀለሙ እንዴት ያምራል» ሲሉ ሰማሁ። ምን ቀለም እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሰኞ ዕለት የአባላቱን ስም ዝርዝር አትማ መጋዘኑ በር ላይ ለጠፈችው። ስልኩ የተሳሳተበት ያሳውቅ የሚል ከላይ ተጽፎበታል። መነጽሬን አጥልቄ ስሜን ፈለግኩ፤ አገኘሁት። ግን ስሜ ብቻውን አልነበረም። ከፊቱ ግማሽ ቅንፍ፣ ከዚያ ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ኤም ፊደል አለች። ከስሜ በኋላ ደግሞ እንደገና ግማሽ ቅንፍ፣ ዜሮ፣ ኤም። ማተሚያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከላይና ከታች አየሁ። ከእኔ በላይ ያለው የማቴዎስ ጎረቤት ሲሞን ነው፤ የሲሞን ስም ንጹሕ ነው። ከእኔ በታች ፀደንያ አለች፤ የእሷም ንጹሕ ነው።

ያን ጊዜ የኬላው ጠመኔ ትዝ አለኝ። ኬላ ላይ ሳለን የሚያዝ ጆንያ ሲገኝ ጎኑ ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርግበት ነበር። በሚያልፈው ላይ ምንም አንጽፍም። ሰው ምልክት የሚያደርገው አንድ ነገር ሊያደርግ ባሰበበት ላይ ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሚዛን ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ጣቴን እያወረድኩ ምልክት ያለባቸውን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሃያ ሦስት ናቸው። ከሃያ ሦስቱ ሃያው የእኛ ወገን ነው። ድጋሚ አነበብኩ፤ ያው ነው። ሁሉም ሠላሳ አንድ ብሎ ይጀምርና በዜሮ ይዘጋል። ስም እየተለየ ሲጻፍ ምን ሊከተል እንደሚችል ሲወራ የሰማ ሰው፣ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። እኔም አላለፍኩም። ግራ ቀኝ አየሁና ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገንጥዬ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቀጥ ብዬ በላይነህ ቤት ሄድኩ። በላይነህ የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ። እሱም ብቻውን ነው የሚኖረው፤ እሱም ሠላሳ አንድ አለበት። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ። «ኤም ሜትር ናት። ሠላሳ አንድ ሜትር፣ ከዚያ ዜሮ ሜትር። ይዞታችን ከሠላሳ አንድ ወደ ዜሮ ሊወርድ ነው።»

«የእኔ ግቢ ፊቱ አሥራ ስምንት ሜትር ነው። የቱን ሠላሳ አንድ ነው የሚወስዱብኝ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ሲለኩ እንኳ አልጠየቁንም።»

በላይነህ ሒሳብ ያስተማራቸውን ልጆች እግዜር ይሁናቸው። ሜትሩን አላመንኩበትም፤ ነገር መኖሩን ግን ሁለታችንም አመንን። «ለምን ልጅቷን አንጠይቃትም?» አለኝ።

«አንተ አስተማሪ ስለሆንክ ነው እንዲህ የምትለው» አልኩት። «ተማሪ ሲጠየቅ ይመልሳል። ኬላ ላይ ግን ሰውየውን አስቀድመህ ከጠየቅከው ጭነቱን አስቀድሞ ያራግፋል። እሑድ ስብሰባ ነው። እሑድ ሰው ሁሉ ፊት እናወጣዋለን፤ እስከዚያ ዝም።»

ዝም ተባባልን። የበላይነህ ዝምታ እንዴት ያለ እንደሆነ ማክሰኞ ጠዋት አወቅኩ። ላይ ሰፈር ያልሰማ አልነበረም። ወይዘሮ በየነች ወተት ልገዛ ስሄድ በሹክሹክታ፣ «እኔም አለብኝ አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። አለብሽ አልኳት። ወተቱን ሳትለካልኝ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ትንሽ ከበደኝ፤ ግን አስጠንቅቄያት እንጂ አስፈራርቻት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ያኑ ዕለት ከሰዓት ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ማራናታን አገኘኋት። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ በሩ ላይ የለጠፍኩትን ዝርዝር ያነሳ ሰው አይተዋል?»

«ነፋስ ይሆናል» አልኳት። ዐይኗን እያየሁ ነው የዋሸሁት፤ እኔም ለካ እችልበታለሁ።

«ምንም አይደል፤ ሌላ አትማለሁ። ያኛውም ጥሩ አልነበረም፣ ማተም የማይገባው ምልክት ገብቶበታል። አጥፍቼ አወጣዋለሁ።»

ማተም የማይገባው ምልክት አለች፤ በራሷ አፍ። ልታጠፋው ነው። ሾፌር ኬላውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ዳር ቆሞ ጭነት እንደሚያወርደው ማለት ነው። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ መኖሩን በእጄ ዳስሼ አረጋገጥኩና «ጎበዝ ልጅ» ብዬአት ሄድኩ።

ረቡዕ አመሻሹ ላይ ማቴዎስ እንደ ወትሮው ሙዝ ይዞ መጣ። በረንዳዬ ላይ ተቀመጥን። ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ከብዷል። ስለ ችግኝ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

«ማራናታ ሥራ አገኘች እንዴ?» አልኩት።

«የት ተገኝቶ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ በነጻ የሚያሠራት ማነው?»

ማቴዎስ ሙዙን እየላጠ ነበር፤ አቆመ። ሰውየው ቀስ ብሎ ነው የሚናገር፤ አማርኛውን አንድ በአንድ እየመረጠ። «ፈንታው» አለ፣ «ዛሬ ያንን ብረት እኔ ላይ ነው እንዴ የያዝከው?»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አደረግኩ።»

«ልጄ እድሩን ልታገለግል ነው። የምትጠይቀው ካለ እሷን ጠይቃት። ቤት ናት፣ ሩቅ አይደለም።» ከዚያ ተነሳ። «ልሂድ፤ እናቴ ዛሬ በጣም ደክማለች። ምግብም እምቢ አለች።»

እግዜር ይማርዎ በልልኝ ማለት ነበረብኝ። አብሬው ተነስቼ ሄጄ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር። እኔ ግን ምን አሰብኩ? ነገር ሲከርርበት እናቱን አነሳ፣ ብዬ አሰብኩ። በሩን ዘግቼ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ትራሴ ስር አድርጌ ተኛሁ።

ሐሙስ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ካፊያ ነበር። ተነስቼ እግሬን እየረገጥኩ ሳይሆን እያስቀመጥኩ ወደ አጥሩ ሄድኩና በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ አየሁ። ማራናታ ናት። ጃኬቷን ከራሷ ላይ ጣል አድርጋለች፤ እስከ ባቷ ጭቃ ነው። በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዛለች። ወረቀቱን ታያለች፣ በሬን ታያለች፣ እንደገና ወረቀቱን ታያለች።

«ጋሼ ፈንታው» አለች። ድምፅዋ ሰልሏል። «ጋሼ፣ ማራናታ ነኝ።»

አልከፈትኩም። ዝርዝሩን ይዛ ምልክት ወዳለበት ቤት መጣች ማለት ነው። በዚህ ሰዓት፣ በዝናብ፣ ለደህና ነገር ማን ይመጣል? እንደገና አንኳኳች። ሦስተኛም አንኳኳች። እኔና እሷ መካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እጄን ብዘረጋ ትከሻዋን እነካት ነበር። በመጨረሻ በጃኬቷ እጅጌ ፊቷን ጠረገች፤ ዝናቡን መሰለኝ። ወደ በየነች ቤት አቅጣጫ ሄደች።

ወዲያው በላይነህ ጋ ደወልኩ። «መጣች። ወረቀቱን ይዛ በየቤቱ እየዞረች ነው። እንዳትከፍት።» ለበየነችም ደወልኩ፤ ለሌሎችም ደወልኩ። «በር እንዳትከፍቱ» አልኳቸው። እነሱም አልከፈቱም።

ሦስት ሰዓት ገደማ ዝናቡ በረታ። ነገሩን ከበላይነህ ጋር ለመምከር ጥላ ይዤ ወጣሁ። መንገዱ በማቴዎስ ደጅ ነው የሚያልፈው። ከሩቅ ሰው ቆሞ አየሁ፤ ቀረብ ስል ብዙ ሰው ነው። ገሚሱ ጥላ ይዟል፣ ገሚሱ የእንሰት ቅጠል ከራሱ ላይ አድርጓል፣ ሽማግሌዎች ጭቃ ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ ተቀምጠው ውኃ ይወርድባቸዋል። ከውስጥ ልቅሶ ይሰማል።

የማቴዎስ ጎረቤት ሲሞን አየኝና ሮጦ መጣ። ልብሱ ውኃ ያንጠባጥባል። «ጋሽ ፈንታው፣ እንኳን መጡ። መጋዘኑ ቢከፈትልን፤ ሰው ዝናብ ላይ ነው።»

«ማነው?» አልኩት። ማን እንደሆነ አውቄ ነበር።

«እማማ ንጋቷ። ሊነጋጋ ሲል ነው ያረፉት። መጋዘኑን እንስበረው ብለን ነበር፤ ማቴዎስ እምቢ አለ። ‘ፈንታው ሳይሰማ ማንም እንዳይነካው’ አለ።»

እንዴት ቤቴ ደርሼ ቁልፉን ከትራሴ ስር እንዳወጣሁ አላውቅም። መጋዘኑን ከፈትኩ፤ ጎልማሶቹ ድንኳኑን ተሸክመው ወጡ። ቋሚውን ሲተክሉ ገመድ ያዝኩ፣ ሚስማር መታሁ። እየሠራሁ እንኳ የዚያች ወረቀት ነገር አልለቀቀኝም። ሰው የሞተባት ልጅ ዝርዝር ይዛ ለምን ትዞራለች? እንዲህ ነኝ እኔ። ልቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሜ እንኳ ጆንያ ልወጋ እፈልጋለሁ።

ድንኳኑ ሲቆም ማራናታ ከጓዳው በኩል ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ አንዴ ይግቡ» አለችኝ። ገባሁ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ወንበር፣ ሣጥን ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ። «ይቀመጡ» አለችኝ። ቆሜ ይሻለኛል አልኳት። «አይሆንም፣ ይቀመጡ» አለች፤ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ በርከክ አለችና ሁለት እጄን ያዘች።

«ጋሼ፣ እማማ ዐረፉ» አለችኝ።

«ሰማሁ እኮ ልጄ።»

«ቢሰሙም እኔ ልንገርዎት። አባቴ አዞኛል።» አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ትንሽ ቆይታ ፊቷን ጠርጋ ወደ ላፕቶፑ ዞረች፤ እኔም አብሬ ዞርኩ። ጥቁር ስክሪን ላይ ስሞች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ነጭ ናቸው። አሥራ ሰባቱ አረንጓዴ ናቸው። ስድስቱ ግን ደማቅ ቀይ ናቸው፤ ከስድስቱ አንዱ እኔ ነኝ። በላይነህም በየነችም ከቀዮቹ መካከል ናቸው። ማራናታ አንድ ቁልፍ ነካች፤ ስሜ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። አምስት ቀሩ።

«ቀዩ ምንድነው?» አልኳት።

«ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው» አለች። «ለእነሱ ሞት በስልክ አይነገርም። አባቴ ነው ‘ሰው ብቻውን ቤት ተቀምጦ መርዶ በስልክ አንብቦ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? ሰው ይሂድ፣ አስቀምጦ ይንገር’ ያለኝ። እኔና እሱ ቁጭ ብለን ነው የለየናቸው። የላይ ሰፈር ሰዎች ልጆቻቸው ከተማ ስለሄዱ ብዙዎቹ ብቻቸውን ናቸው። የእኛ ሰዎች ግን ቤታቸው ሞልቶ ነው የሚኖሩት። ለነጮቹ መልእክት ይሄዳል፤ ለቀዮቹ መልእክቱ ይታገዳል። ሰው ሄዶ ሲነግራቸው አረንጓዴ ይሆናሉ። ዛሬ ሁሉም በልቅሶው ተይዞ ስለነበረ እኔው ዞርኩ። በርዎን ሳንኳኳ የሉም መሰለኝ። ከውጭ ሆኜ ልጩህ አልኩ፤ ግን መርዶ በአጥር አይነገርም ብዬ ተውኩት።»

ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ያን የታጠፈ ወረቀት አወጣሁ። ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። እሷም አየችው። ነፋስ ያልኳት ትዝ ብሏት ይሆናል።

«ይሄ ሠላሳ አንድ…» አልኳት።

«ቀይ ማለት ነው» አለች በቀስታ። «ቀለሙን የምቀባው ሌሎች ሰዎች ጽፈው ባስቀመጡት ኮድ ነው፤ ላይብረሪ እንለዋለን። ‘ይህን ስም ቀይ አድርግ’ ስለው ከስሙ ፊት ሠላሳ አንድ ያለበትን ምልክት ያስገባል፤ ዜሮው ደግሞ ‘ቀለሙ እዚህ ያብቃ’ ማለት ነው። ስክሪኑ ምልክቱን ይውጠውና ቀለሙን ብቻ ያሳያል። ወረቀት ግን መዋጥ አያውቅም፤ እንዳለ ያወጣዋል። ፕሮግራሙ የሚጽፈው ለስክሪን ይሁን ለወረቀት ለይቶ፣ ለወረቀት ሲሆን ቀለሙን መተው ነበረበት። ያንን መጻፍ ረሳሁ። የእኔ ጥፋት ነው ጋሼ።»

የእኔ ጥፋት አለች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ በልቤ። ቀይ ብለው የጻፉኝ እንዳልወድቅ ነው። እኔ ለቡና ጆንያ የማደርገውን ምልክት እነሱ ለእኔ ያደረጉት መስሎኝ፣ አያቷ የሞቱባትን ልጅ ዝናብ ላይ አቁሜ በሚስማር ቀዳዳ ሳያት ነበር። ‘የቀሩት አምስቱም እኔ ስላልኳቸው ነው ያልከፈቱት’ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ሰዎች ገቡና ሳልናገር ወጣሁ።

ማቴዎስ ሳሎን ውስጥ ከአስከሬኑ ሣጥን ራስጌ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ። አንገቴን አቅፎ ትንሽ ካለቀሰ በኋላ ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ አራቀኝና ፊቴን አየ።

«አሞህ ነበር?» አለኝ። «ማራናታ በሩ አልተከፈተም ስትለኝ ወድቀህ ነው አልኩ። ሲሞንን በአጥር ዘልሎ እንዲገባ ልልከው ስል ነው ‘መጣ’ ያሉኝ።»

እናቱ ሣጥን ውስጥ ተኝተው፣ እሱ እኔ ሞቼ እንዳይሆን ይጨነቅ ነበር።

አሞኝ ነበር ማለት እንዴት ይቀላል። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ክረምቱ ብርድ ነው። ማንም አይጠራጠረኝም። ማቴዎስም አይዞህ ብሎ ከጎኑ ያስቀምጠኛል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በልጆቻቸው ስም ይምሉልኝ የነበሩትን ሾፌሮች ሁሉ ያን ሰዓት ገባኝ፤ ውሸት ክፉ ሰው ስለሆንክ ብቻ አይመጣም፣ ስትፈራም ይመጣል።

«አላመመኝም» አልኩት። «ልጅህን በቀዳዳ እያየኋት ነው ያልከፈትኩት። ለእነ በላይነህም ‘አትክፈቱ’ ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ማራናታን?» አለ።

እናቷ ምጥ የያዛት ሌሊት በኬላው መኪና ሆስፒታል ያደረስናት እኔና እሱ ነን። ስትወለድ ከአባቷ ቀጥሎ የታቀፍኳት እኔ ነኝ። እሷን ፈራኋት ብዬ እንዴት ልንገረው? ወረቀቱን ላሳየው ኪሴን ነካሁ፤ አፈርኩና ተውኩት።

ማቴዎስ ብዙ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣ በወደድኩ። እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈንታው፣ ዛሬ አጠገቤ አትቀመጥ» አለኝ።

ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሣጥኑ ወጣ። ባለቤቴ የተቀበረች ቀን የሣጥኗን ፊት በቀኝ የያዘው ማቴዎስ ነበር፤ የእናቱን ፊት በቀኝ ሲሞን ያዘው። ሰው ሁሉ ተከተለ፤ እኔ እስኪያልፉ ቆሜ ጠበቅኩ።

በላይነህ የሰማው ያን ጊዜ ነው፤ እያለከለከ ደርሶ ከአጠገቤ ቆመ። ያለሁበትን አየ፣ ወደፊት ሣጥኑን ተከትሎ ብቻውን የሚሄደውን ማቴዎስን አየ። ግራ ገባው።

«ምነው እዚህ?» አለኝ። «ቦታህ ከማቴዎስ ጎን አይደለም እንዴ?»

«ነበር» አልኩት፣ እና ከሰዉ ኋላ ሄድን።